አንድ ልጅ፣ ሦስት ርቀት፦ ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ልጆች የመራመጃ መሣሪያ አመራረጥ

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ወላጆች ባለሙያውን አስቀድመው የሚጠይቁት «ልጃችን ይራመዳል ወይ?» ብለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መሣሪያ ለመምረጥ ግን አይበቃም። የት፣ ምን ያህል ርቀት፣ በምን ተደግፎ? እነዚህ ካልተጠየቁ ክሊኒክ ውስጥ የሠመረው ዎከር ቤት ሲደርስ ጥግ ይይዛል።

ሮበርት ፓሊሳኖና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ምደባ የልጆቹን እንቅስቃሴ በአምስት ደረጃ ይከፍላል። ዎከር ወይም ክራንች ይዞ የሚራመደው ልጅ 3ኛው ላይ ይገኛል። ምደባው ግን ልጁን በአንድ ቁጥር ይጠቀልለዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. ከሜልበርን የወጣው መለኪያ ሦስት ቁጥር ይሰጠዋል፦ ለ5 ሜትር (ቤት)፣ ለ50 ሜትር (ትምህርት ቤት) እና ለ500 ሜትር (መንገድና ገበያ)። የሚመዘገበውም ልጁ ሊያደርግ የሚችለው ሳይሆን በየዕለቱ የሚያደርገው ነው። ስለዚህ ያው ልጅ ቤት ውስጥ በክራንች፣ ትምህርት ቤት በዎከር፣ መንገድ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር ቢሄድ የሚጋጭ ነገር የለውም።

ከዎከሮች መካከል ከኋላ የሚጎተተው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ከፊት የሚገፋውን የያዘ ልጅ ክብደቱን ወደፊት ስለሚጥል ወገቡ ይጎብጣል። የኋላውን ሲይዝ ግን እጆቹ ከጎኑ ይሆናሉ፤ ደረቱም ቀና ይላል። ጥቂት ልጆችን ያካተቱ ጥናቶች ይህን የአቋም ለውጥ አሳይተዋል፤ በፍጥነት ረገድ ግን ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ ከፍጥነቱ ይልቅ የዎከሩ ፊት ክፍት መሆኑን አስበልጣለሁ፤ ልጁ ጠረጴዛውም ጓደኛውም ዘንድ ሳይከለል ይደርሳል። (ጤናማ ሕፃናት የሚቀመጡበት ባለጎማ ዎከር የዚህ ምትክ አይደለም፤ ካናዳ በሚያደርሰው ጉዳት ምክንያት በ2004 እ.ኤ.አ. ከልክላዋለች።)

መሬቱም ይመርጣል። ለስላሳ ወለል ላይ የሚንሸራተት ትንሽ ጎማ በአዲስ አበባ ኮብልስቶን ድንጋዮች መካከል ይሰነቀራል፤ በክረምት ጭቃ ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀስም። ልጁን በሆስፒታል ኮሪደር ብቻ አስሞክሮ ማዘዝ፣ በእኔ እምነት፣ ግማሽ ምርመራ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ተሽከርካሪ ወንበርን እንደ ሽንፈት ያየዋል። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ለመራመድ ከእኩዮቻቸው እጅግ የበለጠ ጉልበት ያወጣሉ። በእግሩ ለመድረስ ሲታገል ዝሎ ክፍል የገባ ተማሪ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትንፋሹን ሲሰበስብ ያሳልፋል። ወንበሩ እስከ በር ቢያደርሰው፣ ዎከሩን ከክፍል ወደ ሜዳ ለሚሄድበት ያተርፈዋል።