ጊታር ሠሪና በገና ሠሪ

በጀርመን አገር፣ በማርክኖይኪርሽን ከተማ፣ የቫዮሊን ሠሪዎች ማኅበር አናጢዎች ጊታር እንዳይሠሩ ለዓመታት ተሟገተ። በዚህ ክርክር የተፈተነው የአናጢ ልጅ ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1833 ዓ.ም. ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ፤ በኋላም ናዝሬት በምትባል የፔንሲልቫንያ ከተማ ተቀመጠ። በ1840ዎቹም የጊታሩን ገጽ ከውስጥ በመስቀለኛ እንጨት መደገፍ ጀመረ፤ አሜሪካም በእጁ ሥራ ከበረች።

በአገራችንም ባለ እጅ ተንቆ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ንቀቱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም።

በአሰላ ዙሪያና በአርሲ ደጋ ዋንዛ ይበቅላል፤ በጭላሎ ግርጌ በግና ከብት ይረባል። ዋንዛው ለበገናው ገበቴ፣ የከብቱ ቆዳ ለልባሱ፣ የበጉ አንጀት ለዐሥሩ አውታር ይሆናል። እንግዲህ ዕቃው በእጃችን ነው። የሚቀረን ሠሪውን ማክበር ነው እንላለን፤ የተናቀ እጅ ወይ ይሰደዳል፣ ወይ ያለ ተተኪ ያርፋልና።