ከማሽኑ ባሻገር፦ የመሐንዲሶች የድኅረ ምረቃ አመራር ትምህርት ከሐዋሳ ሲታይ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ 52 ሼዶቹ የቆሙት በዘጠኝ ወር ገደማ ነበር። በቻይና ተቋራጭ የተገነባው ይህ ፓርክ 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈሰሰበት ሲሆን፣ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ 60 ሺህ ሰው እንዲቀጥር ታቅዶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስ ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት የሠራተኛው ቁጥር 25 ሺህ አካባቢ ነበር፤ የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር። ፋብሪካዎቹ በአማካይ በየአሥራ ሁለት ወሩ ሠራተኛቸውን በሙሉ ይተኩ ነበር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ለሰው ሀብት ክፍል የሚተው ጉዳይ ነው። እኔ ግን የምህንድስና ጥያቄ ነው እላለሁ፤ መሐንዲሶችን ለአመራር የሚያዘጋጅ የማስተርስ ትምህርት በሐዋሳ ቢከፈትም መነሻ ሐሳቡ ይኸው መሆን አለበት ባይ ነኝ።

የስፌት መስመርን እንውሰድ። ሸሚዝ በደርዘን በሚቆጠሩ ትንንሽ ሥራዎች ተከፋፍሎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፣ ሦስተኛዋ ቁልፍ ትተክላለች። መሐንዲሷ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚበቃውን ጊዜ ለክታ መስመሩን ታመጣጥናለች። ስሌቱ የሚሠራው ግን ሰልጥና የለመደችው ልጅ ነገም እዚያው ወንበር ላይ እንደምትገኝ በማሰብ ነው። በቦታዋ አዲስ ሠራተኛ ስትቀመጥ ሥራው እሷ ጋ ይከማቻል፤ ከእሷ በኋላ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ተቆጣጣሪው ይጮኻል፤ ጩኸቱ ደግሞ ቀጣይዋን ያስኮበልላል። እንግዲህ የሠራተኛ ፍልሰቱ ከስሌቱ ውጭ የቆመ ነገር ሳይሆን የስሌቱ አንድ ተለዋዋጭ ነው ማለት ነው። መሐንዲሷ በአምስት ዓመት ትምህርቷ ይህን ተለዋዋጭ የት እንደምትጽፈው ያሳያት የለም።

ጉዳዩ የሐዋሳ ብቻ አይደለም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ክሪስቶፈር ብላትማን እና ስቴፋን ደርኮን በአገራችን አምስት ድርጅቶች ባካሄዱት ጥናት፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት መካከል ሲሶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶዎቹ ደግሞ በዓመት ውስጥ ለቅቀዋል። በእርግጥ ደመወዝን መሐንዲስ አይወስንም፤ የትኛውም ሥልጠና ዝቅተኛ ክፍያን አይተካም። ነገር ግን የሼዱ ሙቀትና አቧራ፣ የዕለቱ የምርት ግብ፣ አዲስ ገቢ የሚማርበት ጊዜ በአመዛኙ የሚወሰኑት ቴክኒክ አዋቂዎች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ነው።

አሁን ያለው መንገድ ምን ይመስላል? ዕድገት የሚፈልግ መሐንዲስ ብዙውን ጊዜ የማታ ኤም.ቢ.ኤ. ይመዘገባል። መመረቂያ ጽሑፉም የታወቀ መልክ አለው፦ የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች የሥራ አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ አምስት እርከን ያለው መጠይቅ፣ ኤስ.ፒ.ኤስ.ኤስ. በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የተሠራ ትንተና፣ በመጨረሻም ለኃላፊዎች የሚሰጥ ምክረ ሐሳብ። (የስንቱን ርዕስ የድርጅቱን ስም ብቻ ቀይሮ ማንበብ እንደሚቻል መምህራኑ ያውቁታል።) ምህንድስናው በአንድ ዲግሪ፣ አመራሩ በሌላው ተለያይተው ይቀራሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች 70 በመቶውን ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ለመመደብ በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የ70/30 የቅበላ ፖሊሲ የመሐንዲሶችን ቁጥር በፍጥነት አበዛው፤ እነሱን የሚመራ ልምድ ያለው ባለሙያ ግን በዚያው ፍጥነት አይፈጠርም። የ2004ቱ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ክፍተቱን ለመሙላት የተደረገ ቁም ነገር ያለው ሙከራ ነው፤ ቀደም ሲል በ30 ድርጅቶች የተፈተሸውን የጃፓን ልምድ ይዞ ተነሥቷል። ሆኖም ካይዘን የአሠራር ሥልጠና እንጂ ምርምር የሚጠይቅ የድኅረ ምረቃ ዲሲፕሊን አይደለም።

የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በ1988 እ.ኤ.አ. ከትልልቅ አምራቾች ጋር የከፈተው የሁለት ዓመት ፕሮግራም አስተማሪ ነው። ተማሪው ከምህንድስናም ከቢዝነስም ትምህርት ቤት ዲግሪ ያገኛል፤ ስድስት ወር ፋብሪካ ውስጥ ይቆይና ከሁለቱም ትምህርት ቤቶች አማካሪ ተመድቦለት በአንድ እውነተኛ ችግር ላይ ይጽፋል። እንዳለ ይቀዳ አልልም። ቁልፉ ግን ሁለት አማካሪ፣ አንድ ችግር የሚለው ነው። ለዚህ የሚሆነው መሠረት በሐዋሳ አለ፦ በ1992 ዓ.ም. ከግብርናና ከደን ኮሌጆች ሥር የበቀለው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ኮሌጅም አለው። ፓርኩም እዚያው ከተማ ነው።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው መሰናክል የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በፓርኩ ካሉት ፋብሪካዎች ብዙዎቹ የውጭ ኩባንያዎች ሲሆኑ ትልልቅ ውሳኔዎች ከባሕር ማዶ ይመጣሉ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የአሜሪካው አልባሳት ኩባንያ ፒ.ቪ.ኤች. በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካውን ዘጋ፤ ብዙ ሳይቆይ በታኅሣሥ ኢትዮጵያ ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለማስገባት ከሚፈቅደው የአጎዋ ዕድል ታገደች። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛው ኩባንያ የምርት መረጃውን ለተማሪ ይከፍታል?

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከስፌት መስመሩ ይልቅ ከፍሳሽ ማጣሪያው ቢጀምሩ የተሻለ ይመስለኛል። የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ ስለሌለው የገባበት ብክለት እዚያው ይቀራል፤ ፓርኩ ፍሳሽ ወደ ውጭ የማይለቅ፣ ውሃውን አጣርቶ መልሶ ለሥራ የሚያውል ማጣሪያ የተተከለለትም በዚህ ስጋት ነው። ማጣሪያው የጋራ ነው። አንድ ፋብሪካ የቀለም ወይም የጨው መጠኑን ድንገት ቢቀይር ጫናው ማጣሪያው ላይ ያርፋል፤ የማጣሪያው መሐንዲስ ግን በፋብሪካው ላይ አለቃ አይደለም። መረጃ አሳይቶ ማሳመን፣ ወጪው እንዴት እንደሚከፋፈል መደራደር፣ በአማርኛም በሲዳምኛም በእንግሊዝኛም ማስረዳት ይኖርበታል። ሥራው ከፓርኩ አስተዳደርና ከከተማው ጋር የሚያገናኝ፣ ከገዢዎች የንግድ ምስጢርም በአንጻራዊነት የራቀ ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ስምምነት ለመጠየቅ የሚቀለው በዚህ በኩል ነው።