በር የሌለው ሀብት፦ የጣና ዳር የዱር እንስሳት ቱሪዝምና የጥቅሙ ባለቤት

የቆጋ ግድብ የተሠራው ለወፍ አይደለም። ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመራዊ ከተማ አጠገብ፣ የግልገል ዓባይ ገባር የሆነው የቆጋ ወንዝ ተገድቦ 83 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ ውሃ እንዲይዝ የተደረገው 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ ለማልማት ነበር። ለሥራው ገንዘብ ያበደረው የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው። በክረምት ዝናብ ብቻ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ያመርት የነበረው የሜጫ ገበሬ ዛሬ በበጋ ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያነሳል። ወፎቹ ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ መጡ። ውሃው በበጋ እየሸሸ ጭቃው ሲገለጥ የሚለቅሙት ነገር አላጡም። ከባሕር ዳር በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለው ይህ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በጎብኚዎች መርሐ ግብር ውስጥ እምብዛም አይገባም፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም ከወፎቹ የሚያገኘው ነገር ቢኖር በማሳው ላይ የሚያርፉበትን ማባረር ብቻ ነው።

በትልቁ ሐይቅ ዳርም ታሪኩ ከዚህ አይለይም። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ጥልቀት የሌለው መሆኑ ለዱር እንስሳት በጎ ሆኗል፤ ዳርቻው ሰፊ ረግረግ፣ ደንገልና ፊላ የሚያበቅል፣ በክረምት የሚጥለቀለቅ ሜዳ ነውና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ጣናንና አካባቢውን በዓለም አቀፍ የባዮስፌር ሪዘርቭ መዝገብ ላይ አሰፈረው። ስፋቱ ወደ 700 ሺህ ሄክታር ይጠጋል። ለዚህ ውጤት ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር ትልቅ ድጋፍ አድርጓል።

ባዮስፌር ሪዘርቭ ግን ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። ሰሜን ተራሮችን ማየት የሚፈልግ ሰው ደባርቅ ላይ ይቆማል፤ የመግቢያ ይከፍላል፤ ስካውት ይመደብለታል። ጣና ግን አጥርም በርም የለውም። የጎብኚው ገንዘብ የሚቀረው በሆቴሉ፣ በጀልባ ባለቤቱ፣ በአስጎብኚውና በገዳሙ መግቢያ ላይ ነው። ጉማሬው የሚግጥበትን ሣር፣ ወፉ የሚያድርበትን ረግረግ በእጁ የያዘው የቆላድባ፣ የፎገራ ወይም የሜጫ ገበሬ ከዚህ ሰንሰለት ውጭ ነው። የጣና ዳር የዱር እንስሳት ቱሪዝም ዋና ችግር ይኸው ነው፦ ሀብቱን የሚያቆየው አንድ ሰው፣ ገንዘቡን የሚቀበለው ሌላ ሰው መሆኑ።

ባሕር ዳር የደረሰ እንግዳ የሚጋበዘው የታወቀ ጉዞ ነው። ማለዳ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ፣ ከዚያ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ ወንድ ከሆነ ክብራን ገብርኤል፣ በመመለሻው ላይ ደግሞ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ቦታ ጎራ ብሎ ጉማሬ ማየት። ጉማሬው የጉዞው ምርቃት ነው፤ ከታየ ታየ፣ ካልታየ ደግሞ ማንም አያዝንም። ይህ ለእንስሳውም ለጎብኚውም አይበጅም። ቀኑን ውሃ ውስጥ አሳልፎ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣ አውሬ በቀን ሞተር እያጓራ ሲቀርበው ይሸሻል ወይም ይቆጣል። በአነስተኛ ታንኳ ላይ ያለ ሰው አጠገቡ መድረሱማ በሕይወት መቀለድ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 የተመረቀው፣ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለባሕር ዳር አዲስ መልክ ሰጥቷታል። ከድልድዩ በላይና በታች ያለው የወንዙ ዳርቻ ለጉማሬ የሚሆን ቦታ ይቀርለት እንደሆነ ግን የከተማው ፕላን ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

ከጉማሬው ይልቅ የጣና እውነተኛ ዕድል ያለው በወፎቹ ላይ ነው። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን የሐይቁን ዳርቻና ደሴቶች በታንኳ እየዞረ ካርታ ሲሠራ የወፎችንም ናሙና ይሰበስብ ነበር፤ ጉዞውን በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ተርኮታል። ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚታወቁት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች ናቸው። ሁለቱ የአገሩ ነዋሪዎች ናቸው፦ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የደፋ የሚመስለው ጥቁሩ ክሬንና ከአገጩ ሥር ሁለት የቆዳ ዘለላ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን። ሁለቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ወፎች ተርታ ተመዝግበዋል። ሦስተኛው እንግዳ ነው። ከምሥራቅና ከሰሜን አውሮፓ ተነስቶ የአውሮፓን የብርድ ወራት ለማሳለፍ በሺዎች የሚቆጠር መንጋ ሆኖ ይመጣል። በኢስቶኒያ የሳተላይት መከታተያ የታሰረባቸው ክሬኖች ከባልቲክ ዳርቻ ተነስተው ኢትዮጵያ መድረሳቸው በጥናት ተረጋግጧል። የጣና ሜዳ በዚህ ጉዞ መጨረሻ ላይ ያለ ማደሪያቸው ነው።

እነዚህ ወፎች ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፤ ሲነጋ መንጋው እየጮኸ ተነስቶ ወደ ማሳ ይሄዳል። የሚለቅሙት ከአጨዳ የተረፈውን ሩዝ፣ በቆሎና ሽምብራ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የተረፈውን ብቻ አይሆንም፤ ገበሬው የዘራውንም ይለቅማሉ። ከጥቅምት እስከ የካቲት የሚቆየው የክሬን ወቅት የኢትዮጵያ የቱሪስት ወቅትም መሆኑ እንደ ትልቅ ዕድል ሊቆጠር ይገባል። ወፍ ለማየት ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው በአንድ ቦታ ብዙ ቀን ይቆያል፤ ማለዳ ይነሳል፤ ገጠር መግባት አይፈራም፤ መንገድ የሚያውቅ የአካባቢ ልጅ ይፈልጋል። የገዳማቱ ጎብኚ ግማሽ ቀን ሲበቃው የወፉ ጎብኚ ሳምንት ሊያንሰው ይችላል።

ማደሪያው ግን እየጠበበ ነው። በፎገራ ሜዳ ላይ ሸሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጎች የርብ ወንዝ ሲሞላ ውሃ የሚይዙ፣ አምባዛ የሚራባባቸው፣ ክሬኖች የሚያድሩባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ውሃው በፓምፕ እየተሳበ፣ መሬቱ እየታረሰ ብዙው ክፍላቸው ወደ ማሳነት ተለውጧል። ፎገራ ዛሬ የአገሪቱ የሩዝ ማዕከል ነው፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከሉም ያለው ወረታ ነው። በሩዝ ኑሮው የተለወጠ ገበሬ ረግረጉን አትንካ ቢባል ለምን ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱ በስብሰባ አዳራሽ የሚነገር ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚሰጥ ትምህርት ሊሆን አይችልም። ከረግረጉ የሚገኝ፣ ከሩዙ ጋር ሊወዳደር የሚችል ገቢ መሆን አለበት።

ገበሬውን ብቻ መውቀስም ፍትሕ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ በሚወጣበት ጨራጨራ ላይ የተሠራው መቆጣጠሪያ የሐይቁን ከፍታ የሰው ውሳኔ አድርጎታል። በ2003 ውሃው እጅግ ዝቅ በማለቱ መርከቦች መንቀሳቀስ አቁመው ነበር። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ያሻግራል፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከቀድሞው ግርማው ብዙ ያጣውም በእነዚህ ሥራዎች የተነሳ ነው። ለአገር ብርሃን የሰጠን ፕሮጀክት ለምን ተሠራ ማለት አይቻልም። ሆኖም በዓለም የታወቀ አንድ የቱሪስት መስህብ ለኤሌክትሪክ ሲባል ሲዳከም የጢስ ዓባይ ነዋሪ ምን ተሰጠው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ2011 በሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው የእምቦጭ አረም ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ የዓሣ አጥማጁን መንገድ ዘጋው፤ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ዓመታትን አሳልፏል።

ከውሃው ሥር ያለው ሀብት ቱሪስት የሚያየው ባይሆንም ወፉንና ሰውን የሚመግበው እሱ ነው። በጣና ከ15 የማያንሱ፣ በሌላ በየትም የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ወንዝ ለይቷቸው በአንድ ሐይቅ ውስጥ እርስ በርስ እየተለያዩ ያደጉ ዝርያዎች በመሆናቸው የዓለም ሳይንቲስቶች ለጥናት ይመጡባቸዋል። በክረምት ብዙዎቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ አጥማጁም መረቡን የሚዘረጋው በዚያው በወንዙ አፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ ብዛታቸው በ75 በመቶ መቀነሱ ተመዝግቧል። ዓሣው ካለቀ ጎብኚው ፎቶ የሚያነሳው ፔሊካንና ዓሣ አዳኝ ንስርም አይቆዩም።

በዚህ ሁሉ መካከል ስለ ወይጦዎች ብዙም አይነገርም። በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች በጥንት ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ። አደኑ ሲቀር ደንገል አጭዶ ታንኳ መሥራትና ማጥመድ ኑሯቸው ሆነ። ዛሬ በባሕር ዳር የሚሸጡት ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ከእነሱ እጅ የወጡ ናቸው። ሐይቁን ከማንም በላይ የሚያውቅ ሕዝብ በቱሪዝሙ ውስጥ የማስታወሻ ዕቃ ሻጭ ብቻ ሆኖ መቅረቱ የሚያስተዛዝብ ነው። ጉማሬ የት እንደሚያድር፣ ወፍ የት ጎጆ እንደሚሠራ ለማወቅ ከወይጦ ሽማግሌ የሚሻል አስጎብኚ ማን ሊሆን ነው? የሐይቁ ዳር ለሎጅ ሲሰጥ ደንገሉ ይነቀላል፤ ደንገሉ ሲነቀል ታንኳ ሠሪውም ወፉም አንድ ላይ ይፈናቀላሉ።

ጥቅምን ማካፈል እንዴት ይቻላል ለሚል ሰው ምሳሌው ሩቅ አይደለም። በመንዝ ጓሳ፣ ቢያንስ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ኅብረተሰቡ ሣሩን ለዓመታት እየዘጋና እየከፈተ ጠብቆታል። ከአብዮቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኅብረተሰቡ ግን በአዲስ መልክ መልሶ አቆመው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም በዚያ ይኖራሉ፤ የሚጎበኛቸው ሰው የሚያድርበት ሎጅም የኅብረተሰቡ ነው። በዘጌም ቢሆን ደኑ የቆየው በመንግሥት አዋጅ አይደለም። ማረስንና ከብት ማርባትን የከለከለው፣ ከአቡነ በትረ ማርያም የወረደ ነው ተብሎ የሚታመን ሥርዓት ነው። የዘጌ ሰው ከደኑ ሥር ቡና እየለቀመ ሲኖር ደኑ ገቢው ሆነ፤ ለዚህም ነው ያልቆረጠው።

የሰሜን ተራሮች ታሪክ ደግሞ ሁለት መልክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች አንዱ ሆነ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፤ በ2017 ወጣ። በመካከሉ ስካውቱ፣ አስጎብኚው፣ በቅሎ ጫኙና ምግብ አብሳዩ በማኅበር ተደራጅተው ከመንገደኛው ገንዘብ ድርሻ እንዲያገኙ ተደረገ። በሌላ በኩል የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ ሰፈሩ። ዋልያ ይድናል ተብሎ የሰው መንደር ሲነሳ ዋጋውን የከፈለው ማን እንደሆነ መዘንጋት የለበትም። ሩዋንዳ በ2005 ከፓርክ ገቢ 5 በመቶ ለአካባቢው ሕዝብ መስጠት ጀምራ፣ የጎሪላ ማያ ፈቃድን 1,500 ዶላር ባደረገችበት በ2017 ድርሻውን ወደ 10 በመቶ ከፍ አደረገችው። በር ያለው ቦታ ገንዘቡን ቆጥሮ ማካፈል ይችላል። በጣና ደግሞ በሩ ጀልባው ነው፤ ሌላ በር መፈለግም አያስፈልግም። አብዛኛው ጎብኚ ወደ ሐይቁ የሚገባው በጀልባ ማኅበራት በኩል በመሆኑ በአንድ ጉዞ ላይ የምትጣል አነስተኛ ክፍያ ረግረጉን ሳያርስ ለያዘ ቀበሌ ልትደርስ ትችላለች። ጀልባው ከጉማሬ የሚርቅበት ርቀትና ሞተር የሚጠፋበት ቦታም በዚያው ደንብ ውስጥ ሊካተት ይችላል። የክሬን ማደሪያ ያላቸው ቀበሌዎች ማለዳ እንግዳ ተቀብለው፣ ቁርስ አብልተው፣ የአካባቢ ልጅ መድበው ቢያስጎበኙ ወፉ ለገበሬው ተባይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ምሩቃን ሥራ ሲፈልጉ እዚያው ሐይቅ ዳር ሙያቸው የሚጠየቅበት ገበያ አለ።

ይህን ሁሉ ሲያስቡ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለውን ግጭት ማለፍ አይቻልም። የውጭ ጎብኚው ፍሰት ተመትቷል፤ ጀልባዎች ቆመዋል፤ አስጎብኚዎች ሌላ ሥራ ፈልገዋል። በዚህ ጊዜ ስለ ወፍ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ረግረግ የሚታረሰው፣ ደንገል የሚነቀለው፣ የዳርቻ ቦታ የሚመራው በሰላም ጊዜ ብቻ አይደለም። የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ጎርጎራን መምረጡ ትልቅ መዋዕለ ንዋይ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ አምጥቷል፤ ሰላም ሲመጣ ሌሎችም ይከተላሉ። እንግዲህ የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የባዮስፌር ሪዘርቩ አስተዳደርና የጀልባ ማኅበራት የክፍያውንና የድርሻውን ደንብ ማውጣት ያለባቸው እንግዳው ከመመለሱ፣ ቀጣዩም የሐይቅ ዳር ቦታ ለባለሀብት ከመሰጠቱ በፊት ነው። ቆጋም በዚሁ ደንብ ውስጥ ስሙ መጠቀስ አለበት።