የሞተር ዕድሜ በማን እጅ ነው? ከጋፋት እስከ ጣና



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጀልባ ሞተር አያያዝና ዕድሜ ነው። ከባሕር በራቀችው ደብረ ታቦር እንዲህ ያለ ርእስ ማንሣት ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ የጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ የደቡብ ጎንደር ምድር ነው፤ ከጉና የሚነሡት ርብና ጉማራም የሚገቡት ወደዚሁ ሐይቅ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የዚህ አገር የሞተር ምኞት ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ አካባቢ ነው።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳርቻ ሰፍረው ሳለ ከደንገል በተሠሩ ትላልቅ ታንኳዎች ላይ በሰው እጅ የሚዞር መንኰራኵር አስገጥመው እንዳስሞከሩ በስፍራው የነበሩት የእንግሊዝ መልእክተኞች ጽፈዋል። ንጉሠ ነገሥቱ የእንፋሎት መርከብን ቅርጽ ተረድተዋል፤ የጎደላቸው ሞተሩ ነበር። ደንገል ግን የራሱ ሕግ አለው። ውኃ ይጠጣል፤ እየከበደ ይሄዳል፤ በወቅቱ ወጥቶ ካልደረቀ ይበሰብሳል። ስለዚህ የጣና ባለታንኳ ከጉዞ ሲመለስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ በፀሐይ ያደርቃል፤ ዕድሜዋ ሲያልቅም ሌላ ያስራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፤ ሠሪው፣ ተጠቃሚውና ጠጋኙ አንድ ሰው ነው።

ሞተር ይህን አንድነት ይለያየዋል። ቴዎድሮስም ይህን የተረዱ ይመስለኛል። በዚያው ዓመት ፍላድን ወደ እንግሊዝ ሲልኩ የጠየቁት ዕቃ ብቻ ሳይሆን የእጅ ባለሙያም ጭምር ነበር። ባለሙያዎቹና ማሽኖቹ ምጽዋ ደረሱ፤ ነገር ግን በእስረኞቹ ጉዳይ በተነሣው ውዝግብ ምክንያት ወደ ደጋው ሳይወጡ ቀሩ። በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን ከአገሬው ተለማማጆች ጋር ሆነው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አፈሰሱ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር የተነሣው ይህ መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ ከወራት በኋላ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ ወር ሲሞቱ አውሮፓውያኑ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ብረቱ እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ ጋፋት ግን የሙያ ትምህርት ቤት ሆና አልቀጠለችም።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የሞተር መርከብ ጣና ላይ ሥራ ጀመረ፤ ጎርጎራም ወደብ ሆነች። ጣሊያኖች ሄዱ፤ ኩሽኔታ፣ ፊልትሮ፣ ካንዴላና ቶርኖ የሚሉት ቃላት ግን በጋራዦቻችን ቀሩ። ቃሉ የቀረው ሙያውን የያዘ እጅ ስለ ቀረ ነው። ይህ ከጋፋት የተለየ ውጤት ነው፤ ሊጠናም ይገባዋል።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። የጀልባ ሞተር ዕድሜ የሚለካው በዓመት ሳይሆን በሠራበት ሰዓት ነው። ለፍጥነት የተሠራ ቀላልና ኃይለኛ ሞተር ከጥቂት ሺህ ሰዓት በኋላ ሙሉ እድሳት ሊጠይቅ ይችላል፤ ዝግ ብሎ የሚዞር ከባድ የናፍጣ ሞተር ግን በአግባቡ ከተያዘ ከ10,000 ሰዓት በላይ ያገለግላል። ከትንሽ ብረት ብዙ ጉልበት በተጠየቀ ቁጥር ሙቀቱና ግፊቱ ይጨምራል፤ የዘይትና የፊልትሮ ቅያሬን ማዘግየትም በዚያው ልክ ያስቀጣል።

ጣና ደግሞ የራሱን ፈተና ያክላል። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ የሚሰጠውን ጉልበት እዚህ አይሰጥም። ነጂው ጉድለቱን ለማካካስ ነዳጅ ሲጨምር ጭሱ ይጠቁራል፤ ሞተሩም ይግላል። ጨው የለምና ዝገቱ ይቀንሳል፤ ይሁንና ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ የደጋውን አፈር ይዘው ይወርዳሉ። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ ከሐይቁ የሚሳበው ውኃ ያንን ደለል ይዞ ይገባል፤ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረውን ጎማ ይበላል፤ ቀጫጭኑን የማቀዝቀዣ ቱቦ ይደፍናል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የታየው እምቦጭም የውኃ መግቢያውን ይዘጋል፤ በመቅዘፊያው ላይ ይጠመጠማል። እንግዲህ በጉና ተዳፋት የሚሠራ እርከን የገበሬው ማሳ መጠበቂያ ብቻ ሳይሆን የሞተር ጥገናም ነው ማለት እንችላለን።

በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ሁለት የተባለችው መርከብ ከጅቡቲ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዝ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ተመልክቷል። ሴባስቶፖልን ያስታወሰ ብዙ ሰው እንደሚኖር እገምታለሁ። ታላቅ ዕቃ በታላቅ ድካም ማጓጓዝን እናውቅበታለን፤ ከደረሰ በኋላ ያለውን ሃያ ዓመት ግን ያን ያህል አናከብረውም። የጉዞው ፎቶግራፍ ይቀመጣል፤ ዘይት የተቀየረበትን ሰዓት የሚመዘግብ ደብተር ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በደሴት ለሚኖር ሰው ይህ የክብር ጥያቄ አይደለም። ምጥ የያዛት እናት የተሳፈረችበት ጀልባ ከሰዓት በኋላ ማዕበል ሲነሣ ሐይቁ መካከል ቢቆም መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ መጠበቅ አይቻልም።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪዎች የጋፋትን መድፍ ብቻ ሳይሆን የጋፋትን ተለማማጆችም እንድትፈልጉ፣ የምሕንድስና ተማሪዎችም በሐይቁ ላይ የሚሠራውን እያንዳንዱን ሞተር ሰዓት እየቆጠራችሁ እንድትመዘግቡ አደራ እላለሁ። ሞተር ተገዝቶ ይመጣል፤ ዕድሜውን የሚሰጠው ግን እዚሁ የሰለጠነ እጅ ነው።