የኬሪ አምበልነት የማን ነበር?

በአየርላንድ ጌሊክ እግር ኳስ የኬሪ አውራጃን አምበል የመሰየም መብት ለረጅም ዘመን የአሠልጣኙ ሳይሆን የአውራጃው ሻምፒዮን ክለብ ነበር። ልማዱ ቦታው ያልተረጋገጠለትን ተጫዋች አምበል ያደርጋል ተብሎ ይተቻል፤ ትችቱም መሠረት አለው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴክላን ኦሱሊቫን ከቋሚ አሰላለፍ ሲወጣ አምበልነቱ ለኮልም ኩፐር ተላልፎ፣ በመላው አየርላንድ ሻምፒዮና ፍጻሜ ዋንጫውን ሁለቱም አብረው አነሱ። ከጨዋታ ስልት አንጻር ብቻ ካየነው ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

በ1931 የሆነው ግን ሌላ ነው። በመንግሥትና በሪፐብሊካኖች መካከል የተካሄደው የአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት በኬሪ እጅግ መራር ነበር፤ በማርች 1923 የመንግሥት ወታደሮች ባሊሲዲ በተባለ ስፍራ የሪፐብሊካን እስረኞችን በፈንጂ ገድለዋል። በሻምፒዮኑ ክለብ በኩል አምበልነቱ የሚገባው የሪፐብሊካኑ ወገን ጆ ባሬት ግን ለቀድሞው የመንግሥት ጦር መኮንን ለኮን ብሮስናን አሳልፎ ሰጠው። ይህ የባሬት ደግነት እንጂ የልማዱ ፍሬ አይደለም የሚል ይኖራል። ይሁንና አሠልጣኝ የሾመው አምበል ሹመቱን ለሌላ ሊያስተላልፍ አይችልም፤ ባሬት የሰጠው መብቱ ስለነበር ነው። በ1932 ራሱ አምበል ሆኖ ኬሪ ዋንጫውን ሲደግም፣ ብሮስናን በሥሩ ተሰልፎ ነበር።