የልጅሽ የቤት ሥራና የባግዳዱ ሊቅ



ልጅሽ ከትምህርት ቤት ይዛ የምትመጣው «አልጀብራ» ቃሉ ዐረብኛ ነው። «አል-ጀብር» የጎደለውን መመለስ፣ የተሰበረውን መጠገን ማለት ነው። ስሙ የተወሰደው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በ820 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ፣ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ ባግዳድ ውስጥ ከጻፈው መጽሐፍ ነው።

ሊቁ የጻፈው ሰዎች በየዕለቱ ለሚቸገሩበት ስሌት ነበር፦ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬት፣ ለቦይ ቁፋሮ። የመጽሐፉ ሰፊ ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው። ቁርኣን ለእናት፣ ለሚስትና ለሴት ልጅ የወሰነው ድርሻ ሳይጎድል እንዲደርሳቸው ትክክለኛ ስሌት ያስፈልግ ነበርና።

ልጆቻችንን የሚያስጨንቀውን ኳድራቲክ እኩልታም በሥዕል አስረድቶታል። የእሱን ታዋቂ ቁጥሮች በአትክልት ቦታ እንያቸው። የቦታው ርዝመት ከወርዱ በ10 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋቱ 39 ካሬ ሜትር ነው። ወርዱ ስንት ነው?

መጀመሪያ ጥያቄውን ወደ እኩልታ እንቀይረው፦ ወርዱ በራሱ ተባዝቶ፣ የወርዱ 10 እጥፍ ሲደመርበት 39 ይሆናል። አል-ኸዋሪዝሚም እንዲህ በቃላት ብቻ ነበር የሚጽፈው፤ የዛሬዎቹ ምልክቶች ገና አልነበሩም።

አሁን ወረቀት አምጪ። ጎኑ ከወርዱ ጋር እኩል የሆነ ካሬ ሳዪ። ትርፉን 10 ሜትር ለሁለት ክፈዪና፣ 5 ሜትር ስፋት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች በካሬው ሁለት ጎኖች ለጥፊ። ሁሉም አንድ ላይ 39 ነው። ጥግ ላይ ግን 5 በ5 የሆነ ባዶ ቦታ ይቀራል። እሱን በ25 ሙዪው፤ ድምሩ 64 ይሆናል። ስፋቱ 64 የሆነ ካሬ ጎኑ 8 ነው። ከ8 ላይ የጨመርነውን 5 ስንቀንስ ወርዱ 3 ሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሜትር ይሆናል። 3 ጊዜ 13 ደግሞ 39 ነው።

እህቴ፣ የልጅሽ መጽሐፍ በእንግሊዝኛም ይሁን በጀርመንኛ፣ አጠገቧ መቀመጥ አትፍሪ። «የማናውቀው ምንድን ነው? የተነገረንስ? እስኪ ሳዪው» ብለሽ በአማርኛ ጠይቂያት። እግረ መንገድሽንም ይህ ዕውቀት ለሙስሊም ልጅ እንግዳ እንዳልሆነ ንገሪያት።

አላህ ለእኛም ለልጆቻችንም ጠቃሚ ዕውቀትን ይጨምርልን፤ አሚን።