ሁለተኛው ወንበር የማን ጀርባ ነው?

የ2012 ዓ.ም ገናን ያከበርነው ላሊበላ ነበር። ያኔ ተማሪዎች ነበርን፤ ኪሳችን ባዶ፣ ጉጉታችን ሙሉ። ከዋሽንግተን የመጣች የአክስታችን ልጅ ሁለት ሕፃናቷን ይዛ አብራን ነበረች። ወንዱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ ቀርቶታል፤ ሴቷ የስምንት ወር ናት። ከሻንጣዎቿ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጋሪዋ ነበር። ጎን ለጎን ሁለት ወንበር፣ የፀሐይ መከላከያ ጣሪያ፣ የጡጦ ማስቀመጫ ሳይቀር የተገጠመለት የሕፃናት ጋሪ! “መኪና ነው እንዴ ያመጣሽው?” ብለን ቀለድንባት።

የዋሽንግተንን አስፋልት የለመደው ጋሪ የላሊበላ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ጉድ ፈላ። ጎማው በድንጋዩ መካከል ይሰነቀራል፤ አንዱን ጎን ስናነሳ ሌላው ይዘማል። ቤተ ክርስቲያኖቹ ያሉት ደግሞ ከመሬት በታች፣ ዓለት ተፈልፍሎ በወጣ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ብቻውን 12 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ጠባብ መተላለፊያ፣ ደረጃ፣ የጨለማ ዋሻ… ጋሪው ወደ ሆቴል ተመለሰ። ሕፃኗ በነጠላ ታዘለች፣ ወንዱን ደግሞ እኛ በየተራ እሽኮኮ አደረግነው።

በማግስቱ ጠዋት ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከዓለቱ አናት ላይ ቆመው “ቤዛ ኩሉ” ሲያሸበሽቡ፣ ከአጠገባችን አንዲት የላስታ እናት ቆማ ነበር። በእግሯ እንደመጣች አቧራው ይናገራል። ጀርባዋ ላይ በአንቀልባ የታዘለ ጨቅላ ተኝቷል። እኛም “ይኸውልሽ የሀገር ጋሪ!” እያልን ፎቶ አነሳን። ከዓመታት በኋላ ያንን ፎቶ ስናየው ግን ያኔ ያላየነውን አየን። ከፎቶው ጠርዝ ግማሽ አካሏ የተቆረጠ፣ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት የሚገርመን ልጅ አለች። እሷም አዝላለች። የሁለት ዓመት ገደማ ወንድሟን በነጠላ ጠፍራ፣ ወገቧን ወደፊት ሰብራ ቆማለች።

ይህ ጽሑፍ የዚያች ልጅ ነገር ነው። ለመድረስ ግን ከጋሪው መነሳት አለብን።

የመስፍኑ ጋሪ

የሕፃን ጋሪ ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው እ.ኤ.አ. 1733 ነው። እንግሊዛዊው የአትክልት ሥፍራና የሕንፃ ነዳፊ ዊልያም ኬንት ለዴቮንሻየር መስፍን ልጆች በዛጎል ቅርጽ የተሠራ ትንሽ ሠረገላ አበጀ። የሚጎትተው ፍየል ወይም ትንሽ ፈረስ ነበር። ልብ በሉ፣ ሠረገላው ገና ከመነሻው የተሠራው ለ“ልጆች” ነው፤ ለአንድ ልጅ አልነበረም። ግን የመስፍን ልጆች መጫወቻ ነበር እንጂ የእናት ሸክም ማቅለያ አልነበረም። የመስፍን ሚስት ልጅ አትሸከምም፤ ሞግዚት አለቻትና።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍየሉ ወጣና እጀታ ገባ። ገፊዋም ያችው ሞግዚት ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1889 ዊልያም ሪቻርድሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ የሕፃኑ መቀመጫ ወደ ገፊው ፊቱን እንዲያዞር የሚያስችል ጋሪ ሠርቶ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ኦወን ማክላረን ስፒትፋየር በተባለው የጦር አውሮፕላን የማረፊያ እግር ላይ የሠራ ጡረተኛ መሐንዲስ ነበር። ልጁ የልጅ ልጁን በከባድ ጋሪ እየገፋች ስትቸገር አየና፣ እንደ አውሮፕላኑ እግር የሚታጠፍ፣ በአሉሚኒየም የተሠራ፣ 3 ኪሎ የማይሞላ ጋሪ ነደፈ። እንደ ጃንጥላ ታጥፎ በአንድ እጅ ይያዛል። ልጁ በሌላው እጅ!

ከዚህ በኋላ ሞግዚት የሌላት እናት ብቻዋን አውቶቡስ ላይ መውጣት ቻለች። የጋሪው ታሪክ እንግዲህ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የአገልጋይ ዕቃ ነበር፣ በመጨረሻ አገልጋይን የሚተካ ዕቃ ሆነ።

የወርድና የቁመት ጣጣ

ሁለተኛ ልጅ ሲመጣ ግን ነዳፊው ሁሉ ራሱን ያካል። ምርጫው ሁለት ነው፤ ልጆቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ወይም አንዱን ከአንዱ ኋላ።

ጎን ለጎን ሲሆን ሁለቱም ዓለምን እኩል ያያሉ። ችግሩ በር ነው። አሜሪካ ውስጥ ለአካል ጉዳተኞች መብት በወጣው ሕግ መሠረት የሕዝብ ሕንፃ በር ክፍተት ቢያንስ 81 ሳንቲሜትር መሆን አለበት። ስለዚህ ነዳፊዎች ጋሪውን ከዚያ ለማሳነስ ይታገላሉ። የልጆቹ ክብደት ካልተመጣጠነ ደግሞ ጋሪው ወደ ከባዱ ልጅ ያዘነብላል። የሦስት ዓመት ልጅና የስምንት ወር ሕፃን ጎን ለጎን ሲቀመጡ ገፊዋ ቀኑን ሙሉ መሪውን ስትመልስ ትውላለች።

አንዱ ከአንዱ ኋላ ሲሆን በር ያልፋል። ነገር ግን ከኋላ ያለው ልጅ የሚያየው የወንድሙን ወንበር ጀርባ ነው፤ ጠቡም እዚያው ይጀመራል። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለመውጣት የፊት ጎማውን ማንሳት ያስፈልጋል፤ ከፊት የተቀመጠው ልጅ ክብደት ግን አይፈቅድም። ሦስተኛው መላ ታላቁ ከኋላ የሚቆምበት ትንሽ መርገጫ መቀጠል ነው። ሲደክመው ይቆማል፣ ሲያሰኘው ወርዶ ይሮጣል።

የእኛ ሙያ ባልደረባም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ፊል ቤክለር እ.ኤ.አ. በ1984 ልጁን ይዞ መሮጥ ቢያምረው የብስክሌት ጎማ በጋሪ ላይ ገጥሞ ባለሦስት እግር የሩጫ ጋሪ ፈጠረ። ትልቅ ጎማ ሻካራ መንገድን ይችላል፤ በኋላም ባለሁለት ወንበሩ ተከተለ። እሱም ቢሆን የቤተ ጊዮርጊስን መውረጃ አይችለውም።

እነዚህ ሁሉ ነዳፊዎች ሳይነጋገሩ የተስማሙበት አንድ ነገር አለ። ሁሉም በሐሳባቸው ያዩት አንድ አዋቂ ብቻውን ሁለት ልጅ ይዞ ሲሄድ ነው።

አንቀልባ

ወደ ላስታ እንመለስ። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከአናቷ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። በዚህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ዕቃ የሚጓዘው በበቅሎና በአህያ፣ ልጅ የሚጓዘው በጀርባ ነበር። መንገዱ ጎማን ስለማይቀበል ብልሃቱ ሁሉ ቆዳ ላይ ዋለ።

አንቀልባ የለፋ ቆዳ ነው። እናት ጎንበስ ትላለች፣ ሕፃኑን ጀርባዋ ላይ ታስተኛለች፣ ቆዳውን ከላይ ትጥልና ማሰሪያውን በትከሻዋና በብብቷ አሳልፋ ደረቷ ላይ ትቋጥራለች። የሕፃኑ እግሮች ወገቧን አቅፈው ይከፈታሉ። ዛሬ የአጥንት ሐኪሞች ለጨቅላ ዳሌ ጥሩ ነው የሚሉት አቀማመጥ ይኸው ነው። ሁለቱ እጆቿ ነፃ ናቸው፤ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውኃ ትቀዳለች። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ለክርስትና ስትወጣ መንገዱ የሚጀመረው በእናት እቅፍና ጀርባ ነው።

ያማረው አንቀልባ በዛጎልና በጨሌ ያጌጣል። አስቡት! ባሕር አይታ የማታውቅ የላስታ እናት ልጇን ከሰው ዓይን የምትጠብቅበት ዛጎል ከሕንድ ውቅያኖስ ተነስቶ፣ በሲራራ ነጋዴ ጀርባና በበቅሎ ኮርቻ ተራራ ወጥቶ ደርሷል። የዊልያም ኬንት ሠረገላም የዛጎል ቅርጽ ነበረው ብለናል። አጋጣሚው ያስቃል።

ታሪኩን ከማሳመር ግን አንድ እውነት ይቅደም። ያንን ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ኅብረተሰባችን “ፋቂ” እያለ ይንቀው ነበር። ልጃችንን ያዘልንበትን ዕቃ የሠራን እጅ ለማዕድ አናቀርብም ነበር። አንቀልባን እንደ ቅርስ ስናወድስ ይህንንም አብረን እናስታውስ።

ዓለም በኋላ ወደ ጀርባ መመለሱም አልቀረም። አሜሪካዊቷ ነርስ አን ሙር በሰላም ጓድ ዘመኗ በምዕራብ አፍሪካዋ ቶጎ እናቶች ልጅ ሲያዝሉ አየች። አገሯ ተመልሳ ለራሷ ልጅ የጨርቅ ማዘያ አሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1969ም የፈጠራ መብት አገኘችበት። የእኛዎቹ እናቶች የፈጠራ መብት ቢሮ የት እንዳለ አያውቁም ነበር!

ታላቅ እህት

አንቀልባ አንድ ጉድለት አለው። ወንበሩ አንድ ነው።

ታናሽ ሲወለድ ታላቁ ገና ዳገት አይችልም። አማርኛችን ለዚህ መልስ ያለው ይመስላል፤ ማዘል፣ ማቀፍ፣ እሽኮኮ ማድረግ፣ እጅ ይዞ መምራት። አባት አብሮ ካለ ትከሻው ሁለተኛ ወንበር ነው። አባት ግን እርሻ ላይ ነው፣ ወይም ገበያ ሄዷል። ስለዚህ ሁለተኛው ወንበር ከጥንት ጀምሮ አንድ ቦታ ተገኝቷል፤ ሰባትና ስምንት ዓመት በሞላት ሴት ልጅ ጀርባ ላይ።

“ልጅ በዕድሉ ያድጋል” እንላለን። እውነት ነው እንበል። ግን በማን ጀርባ?

የአውሮፓው ጋሪ ሞግዚቷን ሊተካ መቶ ዓመታት ፈጀበት። የእኛን ትንሽ ሞግዚት ግን ማንም ሊተካት አላሰበም፣ ደመወዝ ስለሌላት ከሂሳብም አልገባችም። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ ሸክሟ ይከብዳል። በ1977ቱ ረሃብ ከወሎ ተራሮች ወደ ኮረም የወረደው ቤተሰብ ጋሪ አልነበረውም። በሐምሌ 2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነቱ ላሊበላ ሲደርስ ከተማዋን ለቅቆ በእግሩ የወጣውም እንዲሁ። እናት አንዱን ካዘለች፣ ሌላውን የሚያዝል ሌላ ጀርባ የግድ ነው።

በደህናው ቀን ደግሞ ዋጋው ትምህርት ነው። እናት ውኃ ወርዳ፣ ወፍጮ ሄዳ እስክትመለስ ታናሹን የምትይዘው እሷ ናት። ታረፍዳለች፤ አርፍዳ መግባት ሲያሳፍራት ትቀራለች። አንድ ቀን የቀረች ልጅ ሌላም ቀን ትቀራለች።

ታዲያ ለላስታ ባለሁለት ወንበር ጋሪ ንደፉ ብንባል ምን እንነድፋለን? ጎማውን እርሱት። እኛ የምናስበው እንዲህ ነው።

አንደኛ፣ በልጆች መካከል ያለውን ርቀት። ይህ ሥራ በከፊል ተጀምሯል። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ መሠረት አንዲት ኢትዮጵያዊት በአማካይ የምትወልዳቸው ልጆች እ.ኤ.አ. በ2005 ከነበረው 5.4 በ2016 ወደ 4.6 ወርዷል፤ በአማራ ክልል ደግሞ 3.7 ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ዳገት እየወጡ የቤተሰብ ምጣኔን በር ድረስ ማድረሳቸው ለዚህ ድርሻ አለው። ታናሹ ሲወለድ ታላቁ በእግሩ የሚሄድ ከሆነ ሁለተኛ ጀርባ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ መንገዱን ማሳጠር። የውኃ ቧንቧና ወፍጮ በቀረቡ ቁጥር የማዘያው ሰዓት ያጥራል። ቧንቧ የሕፃን ጋሪ ነው ብንል የሚስቅብን ይኖራል፤ ላስታ ግን የሚስቅ አይመስለንም።

ሦስተኛ፣ ሕፃኑን የሚቀበል ቤት። የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን ለቢሮ ሠራተኛዋ ነው። ገበሬዋ ቢሮ የላትም። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ የተከፈተው የ“0” ክፍል የስድስት ዓመቱን ልጅ ተቀብሏል። የሁለት ዓመቱ ግን እስካሁን እህቱ ጀርባ ላይ ነው። እዚያው ግቢ አንድ ክፍልና አንዲት ተንከባካቢ ቢጨመር፣ ያች ልጅ ወንድሟን በር ላይ አስረክባ ክፍሏ ትገባለች።

ማክላረን ጋሪውን የነደፈው ልጁ ስትቸገር ስላያት ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከማየት ነው። እኛ ጋዜጠኝነት የተማርነው ሰዎች አጠገባችን የቆመችውን ልጅ ለማየት ዓመታት ፈጀብን፤ ፎቶው ላይም ቆርጠናት ነበር። የዛሬ ስንት ዓመት እሷም እናት ትሆናለች፤ ምናልባትም ሆናለች። የሷ ታላቅ ልጅ ሴት ከሆነች፣ ጀርባዋ ላይ ከደብተር ቦርሳ በቀር ምንም እንዳይኖር እንመኛለን።

ቸር ይግጠመን!